አንድን ቤት ሦስት ጊዜ መግዛት

ዛሬ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ያገባችሁም፣ ለማግባት ያሰባችሁም፣ የተለያያችሁም ይመለከታችኋል።

በቀደም አንዲት የድሮ ጎረቤታችን ደወለችልኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃት መምህርት ናት። ለእኔ «እትዬ» ናት፤ እኔም ፂም አብቅዬ እንኳ ለእሷ ዛሬም «አንተ ልጅ» ነኝ። «አንተ ልጅ፣ ጋዜጠኛ አይደለህ? ና ይቺን ወረቀት አንብብና ንገረኝ» አለችኝ። ሄድኩ። ወረቀቷ ግማሽ ገጽ አትሞላም። ፍሬ ነገሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ ቤቱ ባለው የግብር ዕዳ ምክንያት እንዳይሸጥ፣ እንዳይለወጥ፣ በማናቸውም መንገድ ለሦስተኛ ወገን እንዳይተላለፍ ታግዷል።

ቤቱ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው። ዕጣው የወጣው በባሏ ስም ነው። የባንኩን ወርኃዊ ክፍያ ግን ዓመታት ሙሉ ከመምህር ደመወዟ የከፈለችው እሷ ናት። እሱ የመኪና መለዋወጫ ይነግዳል። የሱቁ ገቢ የልጆቹን ትምህርት ቤት ከፍሏል፣ አስቤዛውን ሸፍኗል። ይህን እሷም አትክድም። ከዚያ ነገር ተበላሸ። ሽማግሌ ገባ፣ ሽማግሌ ወጣ። ሁለት ዓመት ተለያይተው ከኖሩ በኋላ ፍርድ ቤት ፍቺውን ወሰነ።

ቀጥሎ የንብረት ክፍፍል መጣ። ፍርድ ቤቱ ለይዞታ አስተዳደር ጽሕፈት ቤቱ ጻፈ፤ «ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ ነው» የሚል መልስ መጣ። ለባንኩ ጻፈ፤ «ብድሩ ተከፍሎ አልቋል» የሚል መልስ መጣ። መሐንዲስ ገመተው። ፍርዱ ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ነው፦ በስምምነት ተካፈሉ፤ ካልተስማማችሁ አንዳችሁ ለሌላው የግምቱን ግማሽ ከፍላችሁ አስቀሩ፤ ይህም ካልሆነ በሐራጅ ተሸጦ ገንዘቡን እኩል ተካፈሉ። እሷ «ልጆቼን ይዤ የት እገባለሁ?» ብላ ግማሹን ለመክፈል ተስማማች። ዕቁቧን ለምና ቀድማ ወሰደች። ወንድሟ ከዱባይ ላከላት። ወርቋን ሸጠች። ገንዘቡን በሞዴል 85 ለፍርድ ቤቱ ገቢ አደረገች። ስም ለማዛወር ስትሄድ ያቺ ወረቀት ጠበቀቻት። ማጣሪያው ከመጣ ከአምስት ወር በኋላ የገባ እገዳ ነው።

የዕዳው ፍሬ ግብር 380 ሺህ ብር ገደማ ነው። ቅጣቱና ወለዱ ሲደመርበት ወደ 900 ሺህ ብር ተጠግቷል።

እንግዲህ ቁጠሩት። ቤቱን መጀመሪያ ከባንክ ገዛችው። ሁለተኛ ከባሏ ገዛችው። አሁን ደግሞ ሦስተኛ ከግብር ሰብሳቢው ግዢው ተባለች። አበው «ዕዳ ከሜዳ» የሚሉት ይህንን ነው።

የቢሮውን ስም አልጠቅስም፤ ነገሩ የአንድ ቢሮ ችግር አይደለምና። የተቀበላት ባለሙያም ባለጌ አልነበረም። «እህቴ፣ እኛ የምናውቀው ግብር ከፋዩን ነው። ቤቱ በእሱ ስም ነው» አላት። ትሕትናው አልጎደለም። የዛሬው ክርክሬ ግን ከዚያች «እኛ የምናውቀው ግብር ከፋዩን ነው» ከምትል ዓረፍተ ነገር ጋር ነው።

*

መጀመሪያ ሕጉ ምን እንደሚል እንይ።

በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። (ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው።) አንቀጽ 63 በትዳር ውስጥ ያለ ንብረት በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው ይላል። ስለዚህ ቤቱ በእሱ ስም መሆኑ ባለቤትነቷን አያጠፋውም።

አንቀጽ 68 ደግሞ ከዚህ ይጠነክራል። የጋራ የሆነን ቤት ለመሸጥ፣ ለማከራየት፣ በመያዣ ለመስጠት የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ከ500 ብር በላይ ለመበደርም እንዲሁ። አዎ፣ 500 ብር። ዛሬ 500 ብር ምን እንደሚገዛ ለእናንተ አልነግርም። ሕጉ ግን ባል ሚስቱን ሳያማክር ከዚያ በላይ ከተበደረ ሚስት ፍርድ ቤት ሄዳ ግዴታው እንዲፈርስ መጠየቅ ትችላለች ይላል።

እንግዲህ አስቡት። ባልየው ከጎረቤት 600 ብር ለመበደር የሚስቱ ስምምነት ያስፈልገዋል። ወደ 900 ሺህ ብር የሚጠጋ የግብር ዕዳ እስኪከመርና ቤቱን እስኪያሳግድ ድረስ ግን ለእሷ አንዲት ማስታወቂያ እንኳ አልደረሳትም።

ዕዳን በተመለከተ አንቀጽ 70 ሁለት በር ይከፍታል። የአንዱ ተጋቢ ዕዳ መጀመሪያ ከራሱ የግል ንብረት ይከፈላል፤ ያ ካልበቃ ወደ ጋራ ንብረቱ ይኬዳል። ዕዳው ለትዳሩ ጥቅም የተገባ ከሆነ ደግሞ የሁለቱም የአንድነትና የነጠላ ዕዳ ይሆናል። የቱ ዕዳ ለትዳር ጥቅም እንደሆነ አንቀጽ 71 ይዘረዝራል፤ ከዝርዝሩ ውጪ ያለውን ፍርድ ቤት እንዲወስን ይተዋል። ጥሩ ሕግ ነው። ጥያቄ እንድንጠይቅ ያስገድዳል፦ ይህ ዕዳ ከምን መጣ? ማን በላው? የግል ንብረቱ ታይቷል ወይ?

ችግሩ ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው በመንገዱ ላይ አለመኖሩ ነው። የግብር ሰብሳቢው ሥልጣን የሚመነጨው ከሌላ ሕግ ነው፤ ከፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008። በዚያ አዋጅ መሠረት ግብር ያልከፈለን ሰው ንብረት ለመያዝ የፍርድ ቤት ትእዛዝ አያስፈልግም። ባለሥልጣኑ ራሱ ይይዛል፣ ራሱ በሐራጅ ይሸጣል። ሁለቱ ሕጎች አንድ ቤት ውስጥ ይኖራሉ፤ አይነጋገሩም። ልክ እንደ እትዬና ባለቤቷ የመጨረሻ ዓመታት።

*

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ።

በእኛ አገር ባልና ሚስት ግብር በአንድ ላይ አያሳውቁም። እሱ የራሱ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አለው፤ እሷም የራሷ አላት። እሷ ደመወዝተኛ ስለሆነች ግብሯ እጇ ሳይገባ ተቆርጧል፤ በሕይወቷ አንድ ብር ግብር አልቀረባትም። ገቢ ሲቆጠር ሁለት ሰው ናቸው። ዕዳ ሲሰበሰብ ግን አንድ ሰው ይሆናሉ። ለምን?

ይግባኙንም ተመልከቱት። አዋጁ በግብር ውሳኔ ላይ ቅሬታ ለማቅረብ 21 ቀን ይሰጣል። ከዚያ ለታክስ ይግባኝ ኮሚሽን 30 ቀን አለ፤ ለዚያውም ከተከራከሩበት ግብር 50 በመቶውን አስይዞ ነው። እነዚህ ቀኖች መቆጠር የሚጀምሩት ወረቀቱ ለግብር ከፋዩ ከደረሰ ጊዜ ጀምሮ ነው። ወረቀቱ የደረሰው ሱቁ ነው። ባልየው ከባንኮኒው ሥር ከተተው። እሷ ስትሰማ 21ዱም 30ውም ቀን አልፎ፣ ሣር በቅሎበታል። መከራከሪያ ጊዜው ያለቀው ክርክር መኖሩን ሳታውቅ ነው።

ግምቱ ልክ ነበር ወይ? ይህንንም የመጠየቅ ዕድል አላገኘችም። በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ በቀን ገቢ ግምት ሰበብ በየከተማው ሱቅ ሲዘጋ የነበረውን ታስታውሳላችሁ። ያኔ ነጋዴው ቢያንስ ጮኸ። ግምቱ የበዛበት ነጋዴ ሚስትስ? ቤቷ ያልገባ ገቢ ሊሆን ይችላል የተገመተው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚባለው ይህ ነው፤ ኩበቱን ልቀሚ የተባለችው ደግሞ ላሟን አይታት የማታውቅ ሴት ናት።

በጣም የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ያው የታክስ አስተዳደር አዋጅ የጋራ የባንክ ሒሳብ ላይ ሲደርስ ይጠነቀቃል። ባለዕዳው ያለሌላው ባለሒሳብ ፊርማ ገንዘብ ማውጣት የማይችል ከሆነ፣ ያ ሌላኛው ባለሒሳብም ዕዳ ከሌለበት፣ በጋራ ሒሳቡ ውስጥ ያለው ገንዘብ ለአንዱ ዕዳ አይያዝም። ትክክል ነው! ብቻህን ልታወጣው የማትችለው ገንዘብ ያንተ ብቻ አይደለምና። እሺ፣ የጋራ ቤትስ? አንቀጽ 68 እኮ ያንኑ ነው የሚለው፤ ያለ ሁለቱ ስምምነት ቤቱ አይሸጥም። በባንክ ደብተር ውስጥ ላለች አሥር ሺህ ብር የተደረገ ጥንቃቄ፣ ልጆች ለሚተኙበት ቤት እንዴት ይነፈጋል?

*

የሚነሱትን መከራከሪያዎች አውቃቸዋለሁ። ሦስቱን ላንሳ።

የመጀመሪያው፦ «ስትበላው ምነው ዝም አለች? ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል።» ፍትሐዊ ጥያቄ ነው፤ በግማሹ እስማማለሁ። የሱቁ ገቢ ቤት ገብቶ ከተበላ፣ ከዚያ ገቢ ላይ መከፈል የነበረበት ፍሬ ግብር የሁለቱም ዕዳ ነው ብዬ አምናለሁ። እትዬም ይህን ሳልነግራት ነው የተናገረችው፦ «ልጆቼ የተማሩበት ነው፤ የድርሻዬን እከፍላለሁ።» ግን ፍሬ ግብሩ 380 ሺህ ነው። የቀረው ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ብር ከየት መጣ? በወቅቱ ካለመክፈል ነው። አዋጁ የዘገየ ግብር ላይ መጀመሪያ 5 በመቶ፣ ከዚያ በየወሩ 2 በመቶ ቅጣት ይጥላል፤ ወለዱ ለብቻው ነው። ይህ ማንም ቤት አልገባም። ዳቦ አልሆነም፣ ደብተር አልሆነም። ቅጣት የጥፋተኛ ነው። ወረቀቱን ከባንኮኒ ሥር የከተተ ሰው ቅጣቱን ከራሱ ድርሻ ይክፈል።

ሁለተኛው፦ «ይህን በር ከከፈትን ነጋዴው ሁሉ የይስሙላ ፍቺ ፈጽሞ ቤቱን ለሚስቱ እያዛወረ ከግብር ያመልጣል።» ይህ ሥጋት እውነት ነው፤ የሚያደርጉት አሉ። ግን የይስሙላ ፍቺን ለመለየት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ቀኑን ማየት ነው። ፍቺው የተጠየቀው የግብር ውሳኔው ከመጣ በኋላ ነው ወይስ በፊት? ሚስት ለድርሻው እውነተኛ ገንዘብ ከፍላለች ወይስ በነፃ ነው የተሰጣት? ተለያይተው ነው የሚኖሩት ወይስ ማታ ማታ አንድ ማዕድ ይቆርሳሉ? ዳኞች ቅን ልቦናን በየቀኑ ይመዝናሉ። ለጥቂት አጭበርባሪ ተብሎ ሁሉንም ፈት እንደ አጭበርባሪ መቁጠር ሰነፍ አሠራር ነው።

ሦስተኛው፦ «መንግሥት ገቢ ያስፈልገዋል። መንገዱም ሆስፒታሉም በግብር ነው።» አሜን። ግብር ይከፈል! እኔ በሙያዬ ከማገኛት ላይ ተቆርጦብኝ ነው የምኖረው። ግን ልብ በሉ፤ እዚህ ጋ ግብር እየተሰበሰበ ያለው ከባለዕዳው አይደለም፤ በቀላሉ ከተገኘው ሰው ነው። ሱቁን ዘግቶ፣ ዕቃውን አሽሽቶ፣ ስልኩን የቀየረ ሰው አይገኝም። ቤት ግን አይሸሽም። እናትም ልጆቿን ይዛ አትሸሽም። ባለዕዳውን ከመፈለግ የማይሸሸውን መያዝ ይቀላል።

ይህ የሴት ብቻ ጉዳይ ነው የሚል ካለም ተሳስቷል። መርካቶ ሂዱ። ስንት ሴት ነጋዴ አለች፣ ባሏ ደመወዝተኛ የሆነ! ነገ እሱ ነው ያቺን ወረቀት የሚቀበለው። በየዓረብ አገሩ ሠርተው ላባቸውን በባል ስም ቤት ያሠሩ እህቶቻችንም አሉ። ቤቱ የጋራ ነው ይባላሉ፤ እውነት ነው። ግን በሌሉበት የተከመረ የባል ዕዳም በዚያው በር ተከትሎ ይገባል።

ሌላው ዓለም ይህን ጥያቄ አላየውም እንዳይመስላችሁ። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ አሜሪካ ባልና ሚስት ግብራቸውን በጋራ ካሳወቁ ለዕዳው ሁለቱም በሙሉ ተጠያቂ ናቸው። ከእኛ የጠነከረ ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ሕግ፣ ሌላኛው የደበቀውን ገቢ የማያውቅ ተጋቢ ከዕዳው ነፃ እንዲባል፣ የተፋቱ ደግሞ ዕዳው በየድርሻቸው እንዲከፈልላቸው ማመልከት የሚችሉበትን መንገድ አስፍቷል። ግብር በመሰብሰብ የማይታማ መንግሥት ይህን ካደረገ፣ «አይቻልም» የሚል መልስ አይዋጥልኝም።

*

ምን ይደረግ? ሦስት ነገር እላለሁ። ሦስቱም የአገር በጀት አይጠይቁም።

አንደኛ፣ ፍርድ ቤት የንብረት ክፍፍል ሲያይ ለይዞታ አስተዳደርና ለባንክ እንደሚጽፈው ሁሉ ለግብር ሰብሳቢውም ይጻፍ። ከተጋቢዎቹ አንዱ የንግድ ፈቃድ ካለው «ያለበት የግብር ዕዳ፣ በሒደት ላይ ያለ ኦዲት ካለም ጭምር፣ ይገለጽልን» የምትል አንዲት ደብዳቤ ትበቃለች። እትዬ ያቺ ደብዳቤ ተጽፋላት ቢሆን ኖሮ ወርቋን ከመሸጧ በፊት ታውቅ ነበር።

ሁለተኛ፣ ፍሬ ግብርና ቅጣት ይለዩ። ቤተሰቡ በበላው ገቢ ላይ ያለው ፍሬ ግብር ከመካፈል በፊት ከጋራው ይከፈል። ቅጣቱ፣ ወለዱ፣ በሐሰተኛ ደረሰኝ የመጣው ሁሉ ከአጥፊው ድርሻ ላይ ይቀነስ። ይህን ለማለት አዲስ አዋጅ መጠበቅ የለብንም፤ አንቀጽ 70 እና 71 በር ከፍተው ቆመዋል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሥር ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። በዚህ መንገድ ቢተረጎም ስንት ቤት ይድናል!

ሦስተኛ፣ የመኖሪያ ቤት ከመያዙ ወይም ከመታገዱ በፊት ለትዳር ጓደኛው የጽሑፍ ማስታወቂያ ይድረስ፤ የመከራከሪያ ቀኑም ለእሷ ወይም ለእሱ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ይቆጠር። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 34 ባልና ሚስት በጋብቻ ጊዜም በፍቺም ጊዜ እኩል መብት አላቸው ይላል። ሳትሰማ የተፈረደባት ሴት እኩል መብት አገኘች አይባልም።

ሕጉ እስኪስተካከል ደግሞ ሳይቃጠል በቅጠል። የምትፋቱ ካላችሁ፣ ወይም የምታማክሩት ሰው ካለ፣ ይህን ንገሩት። የባለሱቁ ወገን የግብር ክሊራንስ እንዲያቀርብ በክፍፍሉ ፋይል ላይ በጽሑፍ ጠይቁ። ቤቱ እንዳይተላለፍ በእናንተም ጠያቂነት ይታገድ። ለግማሹ የምትከፍሉትን ገንዘብ በእጅ አትስጡ፤ በፍርድ ቤት አስይዙ፤ ስሙ እስኪዛወር ድረስ ለሌላው ወገን እንዳይለቀቅም አመልክቱ። በትዳር ውስጥ ያላችሁም፣ «የሱቁ ግብር ተከፈለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ጥርጣሬ አይደለም። ልጆቹ ትምህርት ቤት ተከፈለላቸው ወይ ብሎ እንደመጠየቅ ነው።

እትዬን ያተረፋት አንድ ነገር ብቻ ነው። ገንዘቡን በሞዴል 85 ማስገባቷ። ባልየው ገና አላወጣውም። ጠበቃዋ ዕዳው ከዚያ ገንዘብ፣ ማለትም ከባልየው ድርሻ ላይ፣ ይከፈል፤ ስሙም ወደ እሷ ይዙር ብሎ ለአፈጻጸም ችሎቱ አመልክቷል። ችሎቱ ሰምቶ ቀጠሮ ሰጥቷል። ፍሬ ግብሩን በተመለከተ ግማሹን ለመሸፈን ፈቃደኛ መሆኗን በማመልከቻው ላይ አስጽፋለች። ጠበቃው «ተዪው፣ ይቅርብሽ» ብሏት ነበር። «የበላሁትን እከፍላለሁ፣ ያልበላሁትን ግን አልከፍልም» አለችው።

የግብር ሥርዓታችን ከዚህ የበለጠ ቃል አያስፈልገውም። የበላ ይክፈል። ያልበላውን ግን አታስከፍሉት።

የሕግ ባለሙያ የሆናችሁ ተከታታዮች፣ ከችሎት የገጠማችሁን ከታች አካፍሉን። የተሳሳትኩት ካለም አርሙኝ። ይህ ጽሑፍ ለሚያስፈልገው ሰው ይድረስ፤ አስተላልፉት።

ቸር ያሰማን።